ርካሽ የጆሮ ማዳመጫዎች ያተረፉት ዝና ይገባቸዋልን?

ዳባት፡- ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የዳባት ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ የወረዳ ከተሞች ሁሉ የሞባይል ስልክና የተጓዳኝ ዕቃዎች ገበያ የተስፋፋባት ናት። በዚህ ገበያ ተፈላጊነት ካላቸው ዕቃዎች አንዱ በተለምዶ ኤርፎን እየተባለ የሚጠራው የጆሮ ማዳመጫ ነው።

ተማሪው ትምህርቱን፣ ተሳፋሪው ሙዚቃውን፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ በኢንተርኔት የሚካሄደውን ስብሰባና ሥልጠና የሚከታተለው በዚሁ መሣሪያ ነው። በርካታ ተጠቃሚዎች የሚገዙት ዝቅተኛ ዋጋ ያለውን ሲሆን፣ እነዚህ ርካሽ ማዳመጫዎች ከውዶቹ በምንም አያንሱም የሚል ዝናም ከአንዱ ተጠቃሚ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይሰማል።

ይህ ዝና እውነት ከሆነ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ መሥሪያ ቤቱም ከበጀቱ ያለአግባብ እንዳያወጣ ይረዳል። እውነት ካልሆነ ግን የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከጠፋ የማይተካው የመስማት ችሎታም ጭምር ነው። በመሆኑም ዝናው በየትኛው ረገድ እንደሚገባና በየትኛው እንደማይገባ ለይቶ መመልከት አስፈላጊ ይሆናል።

ዋጋና የድምፅ ጥራት

በአብዛኞቹ የጆሮ ማዳመጫዎች ውስጥ ድምፅ የሚፈጥሩት ዋና ዋና ክፍሎች ሦስት ናቸው። እነሱም ቋሚ ማግኔት፣ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ጥምጥም እና ከጥምጥሙ ጋር የተያያዘ ስስ ሽፋን ናቸው። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጥምጥሙ ውስጥ ሲያልፍ ጥምጥሙ በማግኔቱ ይሳባል፣ ይገፋልም። ሽፋኑም አብሮ እየተርገበገበ አየሩን በማንቀሳቀስ ድምፅ ይፈጥራል።

ይህ አሠራር በርካሹም ሆነ በውዱ ማዳመጫ ውስጥ በአመዛኙ አንድ ነው። ክፍሎቹ ጥቃቅን በመሆናቸው የሚፈጁት ጥሬ ዕቃ አነስተኛ ነው፤ በሚሊዮኖች ስለሚመረቱም የአንዱ ማምረቻ ወጪ ይቀንሳል። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማን የተባለውን ተንቀሳቃሽ የካሴት ማጫወቻ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ቀላል ክብደት ያላቸው ማዳመጫዎች በዓለም ዙሪያ በመስፋፋታቸው ቴክኖሎጂው ከተለመደ ረጅም ጊዜ ሆኖታል።

ዋጋ የድምፅ ጥራት መለኪያ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በሳይንሳዊ ልኬትም ተፈትሿል። ጄሮን ብሪባርት የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ አወጣጥ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽረዋል። ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ድምፆችን በምን መጠን እንደሚያወጡ ተለክቶ የተገኘው ውጤት ከዋጋቸው ጋር ዝምድና እንደሌለው ጥናቱ አመልክቷል። ይህም ማለት ውድ ሆኖ ድምፁን የሚያዛባ እንዳለ ሁሉ፣ ርካሽ ሆኖ ሚዛኑን የጠበቀ ድምፅ የሚያወጣም አለ ማለት ነው።

ለዚህ በገበያ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ምሳሌ አለ። ኮስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ፖርታ ፕሮ የተሰኘ፣ ዋጋው መጠነኛ የሆነ ማዳመጫ አውጥቶ ነበር። ይኸው ምርት መሠረታዊ ቅርጹን እንደያዘ ከአርባ ዓመት በላይ በገበያ ላይ ቆይቷል። ዝናው የአንድ ሰሞን ሆይ ሆይታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ባልዘለቀ ነበር።

ስለዚህ ርካሽ ማዳመጫ ጥሩ ድምፅ ሊኖረው ይችላል የሚለው አባባል መሠረት አለው። ይሁን እንጂ «ሊኖረው ይችላል» እና «አለው» የተለያዩ ናቸው። ዋጋው ስለ ጥራቱ ካልመሰከረ ርካሽነቱም ለጥራቱ ዋስትና ሊሆን አይችልም። እያንዳንዱ ዓይነት በራሱ መመዘን ይኖርበታል።

ዝናው ከየት ይመጣል?

የተጠቃሚዎች አድናቆት ብዙውን ጊዜ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም ከትክክለኛ ፍርድ የሚያርቁት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የንጽጽሩ መነሻ ነው። ቀድሞ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያዳምጥ የነበረ ሰው ማንኛውንም ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሲያደርግ ከዚያ በፊት ያልሰማውን ወፍራም ድምፅ ይሰማል። የሚያደንቀውም ማዳመጫን ከማዳመጫ ጋር አወዳድሮ ሳይሆን ማዳመጫን ከስልክ ድምፅ ማጉያ ጋር አወዳድሮ ነው።

ሁለተኛው የድምፁ ከፍታ ነው። የሰው ጆሮ በትንሹ እንኳ ጎላ ብሎ የሚሰማውን ድምፅ የተሻለ ጥራት እንዳለው አድርጎ ይቀበላል። አንዳንድ ርካሽ ማዳመጫዎች በአነስተኛ ኃይል ከፍ ያለ ድምፅ እንዲያወጡና ወፍራሙን ድምፅ አጉልተው እንዲያሰሙ ሆነው ይሠራሉ። ይህ በሱቅ ውስጥ በሚደረግ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ያስደስታል፤ ለሁለት ሰዓት ስብሰባ ግን ጆሮ ያደክማል።

ሦስተኛው ዓይን በጆሮ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ የተባሉ የድምፅ ምርምር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ አድማጮች የድምፅ ማጉያዎችን በመጋረጃ ተሸፍነው ሲያዳምጡና እያዩ ሲያዳምጡ የሚሰጡት ነጥብ የተለያየ ሆኖ ተገኝቷል። ሳይታይ ጥሩ ነጥብ ያገኘ አነስተኛና ርካሽ ማጉያ፣ ሲታይ ነጥቡ ዝቅ ብሏል። ይህ በተቃራኒውም ሊሠራ ይችላል። የታወቀ ምልክት የታተመበትን ማዳመጫ በትንሽ ዋጋ ያገኘ ገዢ ደስታውን ከድምፁ ለይቶ ለማየት ይቸገራል።

አራተኛው አድናቆቱ የሚነገርበት ጊዜ ነው። ሰው ስለ ዕቃው አፉን ሞልቶ የሚናገረው በገዛበት ሳምንት ነው። ከሦስት ወር በኋላ አንዱ ጎኑ ሲዘጋ ግን ዝም ብሎ ሌላ ይገዛል። በመሆኑም አድናቆቱ ሲሰማ ብልሽቱ ሳይሰማ ይቀራል።

በአማርኛ ንግግርና በአገር ዜማ መፈተን

የማዳመጫ ማሸጊያዎች ላይ በብዛት የሚጻፈው «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው መግለጫ ለገዢው የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ይህ የጤነኛ ሰው ጆሮ ሊሰማው የሚችለው የድምፅ ክልል ሲሆን፣ ማዳመጫው በዚህ ክልል ውስጥ የትኛውን ድምፅ አጉልቶ የትኛውን አደብዝዞ እንደሚያወጣ አይገልጽም። ከጽሑፉ ይልቅ የራስ ጆሮ የተሻለ ዳኛ ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ዋነኛው መመዘኛ የንግግር ጥራት ነው። የተለመደው የስልክ መስመር ሲያስተላልፍ የኖረው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲሆን ይህም ንግግርን ለመረዳት በአመዛኙ በቂ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ለንግግር የሚሆን ማዳመጫ መሥራት ውድ አይደለም። ሆኖም የ«ሰ» ድምፅ ጉልበት የሚገኘው ከዚህ ክልል በላይ በመሆኑ ቀጭን ድምፅ የሚያደበዝዝ ማዳመጫ «ሰ»ን ከ«ሸ» ለመለየት ያስቸግራል። «ሰማ» እና «ሸማ» ተመሳስለው ከተሰሙ ማዳመጫው ለስብሰባ አይሆንም። እንደዚሁም «ተ» እና «ጠ» የሚለዩት እጅግ አጭር በሆነ የድምፅ ፍንዳታ ስለሆነ «መታ» እና «መጣ» በግልጽ ተለይተው መሰማታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለሙዚቃ ደግሞ የአገር ውስጥ ዜማ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከበሮ፣ መቋሚያና ጸናጽል በአንድነት የሚሰሙበት የያሬዳዊ ዜማ ቅጂ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ የያዘ ነው። የከበሮው ድምፅ የጸናጽሉን ከዋጠው ማዳመጫው ወፍራሙን ከመጠን በላይ ያጎላል ማለት ነው። የመሰንቆ ድምፅ ከድምፃዊው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ከደፈረሰም መካከለኛው ድምፅ መዛባቱን ያመለክታል።

የአንድ ዜና አንባቢ ድምፅ በሁለቱም ጆሮ እኩል ሲሰማ ከራስ መካከል የሚመጣ ይመስላል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የግራና የቀኝ ክፍሎቹ አልተመጣጠኑም። ይህ ችግር በማምረቻው ቁጥጥር መላላት የተነሳ በርካሽ ምርቶች ላይ የሚታይ ነው።

ሽቦው እንደ ሬዲዮ አንቴና

በከፍታ ቦታዎች ለሚኖረው ሕዝብ፣ በዳባትም ሆነ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች፣ ባለ ሽቦው ርካሽ ማዳመጫ ከድምፁ በተጨማሪ የሚሰጠው ሌላ አገልግሎት አለ። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ያላቸው በርካታ የሞባይል ስልኮች የማዳመጫውን ሽቦ እንደ አንቴና ይጠቀሙበታል።

የኤፍ ኤም ሥርጭት ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ገደማ ሲሆን አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሚረዝም ሽቦ ይህን ሞገድ ለመቀበል ያስችላል። ሞገዱ በአብዛኛው በቀጥታ መስመር የሚጓዝ በመሆኑ ከተራራ ጀርባ ባለ ቦታ ደካማ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ሽቦውን ዘርግቶ ማዳመጥ የሥርጭቱን ጥራት ያሻሽላል።

አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤርፖድ የተባለውን ገመድ አልባ ማዳመጫ ካወጣ ወዲህ የእሱን ቅርጽ የያዙ ርካሽ ምርቶች ገበያውን አጥለቅልቀዋል። በአገራችንም ማናቸውም ገመድ አልባ ማዳመጫ ኤርፖድ እየተባለ እስከመጠራት ደርሷል። ይሁንና ገመድ አልባው ማዳመጫ የአንቴናነት አገልግሎት አይሰጥም። በተጨማሪም በየጊዜው ኃይል መሙላት ይፈልጋል፤ በውስጡ ያለው አነስተኛ ባትሪ ተደጋግሞ ሲሞላ እየደከመ ይሄዳል፣ በአብዛኛውም የሚቀየር አይደለም። የመብራት መቆራረጥ በሚያጋጥምበት አካባቢ ሬዲዮ ለሚያዳምጥ ሰው ርካሹ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ከውዱ ገመድ አልባ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ዝናው የማይገባበት

ርካሽ ማዳመጫ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በድምፁ ሳይሆን በዕድሜው ነው። ስልኩ ውስጥ የሚሰካው ጫፍ ከሽቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ሽቦው ለግራና ለቀኝ የሚከፈልበት ቦታ እና ወደ ጆሮው ክፍል የሚገባበት ቦታ ቶሎ የሚጎዱ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ሽቦው እንዳይታጠፍ የሚከላከል ተለጣጭ ጎማ ከሌለ በውስጡ ያሉት ጸጉር መሰል ሽቦዎች ተራ በተራ ይበጠሳሉ። ገዢው በሱቁ ውስጥ ድምፅ እየሰማ እነዚህን ቦታዎች ቀስ ብሎ በማነቃነቅ ድምፁ የሚቆራረጥ መሆን አለመሆኑን መፈተሽ ይችላል።

ሌላው ጉድለት የወጥነት ማነስ ነው። ስመ ጥር ካልሆነ አምራች የሚወጡ፣ መልካቸውና ማሸጊያቸው አንድ የሆኑ ሁለት ማዳመጫዎች ድምፃቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የሥራ ባልደረባ የገዛው ጥሩ መሆኑ ከዚያው ሱቅ የተገዛው ሁለተኛው ጥሩ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ አሳሳቢው የምልክት ማስመሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ የስልክ መገጣጠም ሥራ የጀመረው፣ የቴክኖ ስልክ ባለቤት የሆነው ትራንሽን ኩባንያ ኦራይሞ በሚል ምልክት ማዳመጫዎችን የሚያቀርብ ሲሆን፣ ከሌሎች ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችም ለአነስተኛ ገቢ የሚመጥኑ ምርቶች ይቀርባሉ። እንዲህ ያሉ ስሞች ዝና ባተረፉ ቁጥር ስማቸውን የሚያትሙ አስመሳዮች ይበረክታሉ። ዝናውን ያተረፈው አንድ ምርት ሆኖ ሳለ ገዢው እጅ የሚገባው ሌላ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ የፊደል ስህተት መኖሩ፣ የምርት መለያ ቁጥር አለመኖሩና ሻጩ ደረሰኝ ለመስጠት ማመንታቱ ጥርጣሬ ሊያሳድሩ ይገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል።

የጆሮ ጤና ጉዳይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መረጃ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ዓመት የሆኑ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከፍተኛ ድምፅ በማዳመጥ የተነሳ የመስማት ችሎታቸውን ለማጣት ስጋት የተጋለጡ መሆናቸውን አስታውቋል። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ከሞቱ ዳግም አይተኩም። ጉዳቱም በአንድ ቀን የሚታይ ሳይሆን ለዓመታት የሚጠራቀም ነው።

ድርጅቱ ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላል። ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ዴሲቤል ሲሆን 20 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ደግሞ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የማዳመጫው ዋጋ ሳይሆን ጆሮን የመድፈን ብቃቱ ወሳኝ ነው። ከጎንደር በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ የሚሰማው የሞተር ድምፅ በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ነው። የጆሮን ቀዳዳ የማይደፍን ክፍት ማዳመጫ ይህን ሁካታ ስለማያስቀር፣ የሙዚቃው ወፍራም ክፍል በሞተሩ ድምፅ ይዋጣል። ተሳፋሪውም እሱን ለመስማት ድምፁን ይጨምራል፤ አውቶቡሱ ሲቆም ምን ያህል ጨምሮት እንደነበር ይታወቀዋል። በልኩ የሚገጥም ለስላሳ ጎማ ያለው ማዳመጫ ግን ሁካታውን ስለሚቀንስ በአነስተኛ ድምፅ ለማዳመጥ ያስችላል። ከማዳመጫው ጋር የሚሰጡት የተለያየ መጠን ያላቸው ጎማዎች የተጨመሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የስልኩን ድምፅ ከመጨረሻው ጣሪያ ከ60 በመቶ በታች ማድረግ እንደ አጠቃላይ መመሪያ የሚመከር ነው። ሆኖም አንዱ ማዳመጫ በተመሳሳይ የስልክ ድምፅ መጠን ከሌላው የበለጠ ሊጮህ ስለሚችል፣ አዲስ ማዳመጫ የገዛ ሰው ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር አለበት። ካዳመጡ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚቀር ጭውታ የማስጠንቀቂያ ምልክት በመሆኑ የሚደጋገም ከሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ተሽከርካሪ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ሲጓዙ ደግሞ ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ መሄድ ለአደጋ ያጋልጣል።

ለመሥሪያ ቤት ግዥ

የግል ገዢ ቢሳሳት የሚጎዳው ራሱ ነው። መሥሪያ ቤት ለሥልጠና ማዕከል፣ ለቋንቋ ቤተ ሙከራ ወይም ለስብሰባ በርካታ ማዳመጫዎችን ሲገዛ ግን ስህተቱ በቁጥሩ ልክ ይባዛል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጽሕፈት ቤት ለዕለት ተዕለት አገልግሎት 40 ማዳመጫዎች ያስፈልጉታል እንበል። የአንዱ ዋጋ 150 ብር ቢሆንና በሁለት ወር ቢበላሽ የአንድ ጊዜ ግዥው 6,000 ብር ቢሆንም በዓመት ስድስት ጊዜ ስለሚገዛ ወጪው 36,000 ብር ይደርሳል። የአንዱ ዋጋ 600 ብር ሆኖ ዓመት የሚያገለግል ቢሆን ግን አጠቃላይ ወጪው 24,000 ብር ይሆናል። በሌላ በኩል ማዳመጫዎቹ የሚፈለጉት ለሦስት ቀን ሥልጠና ብቻ ከሆነ ርካሹን መግዛት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ወሳኙ የመግዣ ዋጋው ሳይሆን ለአገልግሎት ዘመኑ የሚወጣው ወጪ ነው።

የመንግሥት ግዥ መርህ ለወጣው ገንዘብ ተመጣጣኝ ፋይዳ ማስገኘት እንጂ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ መከተል አይደለም። ስለሆነም በቴክኒክ መግለጫው ላይ «የጆሮ ማዳመጫ፣ ጥራት ያለው» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የሚለካውን መዘርዘር ይበጃል። የመሰኪያው ዓይነት ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች ጋር የሚገጥም መሆኑ፣ ማይክሮፎን ያለው መሆኑ፣ የሽቦው ርዝመት፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ጎማ ወይም ስፖንጅ የሚቀየር መሆኑና የዋስትናው ጊዜ መገለጽ አለባቸው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ በበርካታ ሰዎች የጋራ መገልገያነት ከንጽህና አንጻር ስለማይመከር፣ ለጋራ አገልግሎት ከላይ የሚያርፈውና ሊጸዳ የሚችለው ይመረጣል።

ናሙና ማስቀረብና መሞከርም ቀላል ነው። ሁለት ሠራተኞች የናሙናዎቹን ምልክትና ዋጋ ሳያዩ፣ ድምፃቸው እኩል እንዲሆን ተደርጎ ተመሳሳይ የተቀዳ ንግግር አዳምጠው ነጥብ ቢሰጡ፣ በማይክሮፎኑም አጭር ንባብ ቀድተው ቢያዳምጡ ሙከራው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። ዕቃው ገቢ ሲደረግም ከናሙናው ጋር አንድ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል።

በአጠቃላይ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫዎች በድምፅ ረገድ ያተረፉት ዝና በከፊል የሚገባቸው ነው፤ ለንግግርና ለሬዲዮ ከሆነማ በርካቶቹ ከበቂ በላይ ናቸው። በጥንካሬና በወጥነት ግን ዝናው ሊታመን የሚችል አይደለም። የጆሮን ጤና በሚመለከት ደግሞ ዋጋውም ዝናውም መልስ አይሰጡም፤ የሚወስኑት የማዳመጫው አገጣጠም፣ የድምፁ መጠንና የማዳመጫ ሰዓቱ ናቸው። ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት «ሰማ»ን ከ«ሸማ» ለይቶ መስማቱን፣ ሽቦውን ነቅነቅ ሲያደርገው አለመቆራረጡንና ጎማው በጆሮው ልክ መሆኑን ቢያረጋግጥ፣ ደረሰኙንም ቢቀበል ከኪሳራም ከጉዳትም ራሱን ይጠብቃል።